በቀኝ የቆመ ይድገመው

ለክቡር ዋና ሥራ አስኪያጃችን
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስለ ማዳመጥ ለተሰጠን ትምህርት ምስጋና ስለ ማቅረብ፣ እንዲሁም አንድ ፊርማ ስለ መከልከል

ክቡር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ በሙሉ ጤንነት ላይ እንድትሆኑ እመኛለሁ፤ ለጆሮዎ ደግሞ ለብቻው ጤና እመኛለሁ፣ ሰሞኑን ብዙ የደከመው አካልዎ እሱ ነውና። እኔ የሆስፒታልና የሆቴል አንሶላ በሚያጥበው ድርጅትዎ ውስጥ የመተኮሻ ክፍሉ የጠዋት ፈረቃ ኃላፊ ነኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። በመልክ ካላስታወሱኝ፣ ባለፈው ወር በሥልጠናው አዳራሽ ወንበሮቹ በክብ ተደርድረው ስንቀመጥ በቀኝዎ የነበርኩት፣ ላብ ላብ ሲለኝ መሐረብዎን ያዋሱኝ ሰው ነኝ። መሐረቡ ታጥቦና ተተኩሶ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተመልሷል። ደብዳቤውን በግልጽ ጽፌ በመግቢያው በር ሰሌዳ ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ፤ በዝግ የሚቀርብልዎ ነገር ሁሉ የውኃ ሽታ ሆኖ እየቀረ ስላስቸገረን ነው።

ምስጋናዬ ብዙ በመሆኑ፣ እርስዎ እንደሚወዱት በተራ ቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

አንደኛ፤ «አገር በቀል ጥበብ ለዘመናዊ አመራር» የተሰኘውን የሁለት ቀን ሥልጠና ለእኛ ለኃላፊዎቹ ስላዘጋጁልን አመሰግናለሁ። አሠልጣኙ ጨዋ ሰው ናቸው። ከሩቅ ተራሮችና ከሩቅ ደሴቶች ያመጧቸውን ፎቶግራፎች ግድግዳው ላይ እያሳዩ፣ በእነዚያ ሕዝቦች ዘንድ ትልቅ ሰው የሚባለው መጀመሪያ የሚናገረው ሳይሆን መጨረሻ ላይ የሚናገረው መሆኑን ሲነግሩን፣ እኔ እውነት መሆኑን ስለማውቅ በማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ደግሞ ያንን የተቀረጸ ዱላ አወጡ። ዱላውን የያዘ ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል፣ ሲጨርስ በቀኙ ላለው ያቀብላል ተባለና በክብር መጀመሪያ ለእርስዎ ተሰጠ። እርስዎም ዱላውን ጉልበትዎ ላይ አጋድመው ስለ ማዳመጥ ጥቅም አርባ ደቂቃ ሳያቋርጡ ሲናገሩ፣ እኛ ማዳመጥን በተግባር ተማርን። አሠልጣኙ ድርጅቱ የራሱ የሆነ እንዲህ ያለ ልማድ ይኖረው እንደሆነ በትሕትና ሲጠይቁዎት፣ እንደ አለመታደል ሆኖ ምንም እንደሌለንና ከዜሮ እንደምንጀምር መለሱላቸው። እኔ ያን ጊዜ ጫማዬን እያየሁ ነበር።

ሁለተኛ፤ ያንን «ዜሮ» እንዳስታውስ ስላደረጉኝ አመሰግናለሁ፤ ለእርስዎ ያልተነገረ እንዳይሆን ስል እዚህ ልጻፈው።

የእንፋሎት ክፍሉን ሠላሳ አንድ ዓመት የያዙትን ሰው እኛ ጋሽ ትንፋሽ እንላቸው ነበር። ስሙ የወጣላቸው ገና ከደጅ ሆነው የቦይለሩን ትንፋሽ በመስማት «ዛሬ አኩርፏል» ወይም «ዛሬ ደኅና አድሯል» ይሉ ስለነበር ነው። ያደጉት አንድ ቦይ ውኃ ለብዙ ቤት በሚከፋፈልበት ገጠር ነው። በእሳቸው መንደር ስለ ውኃው ለመምከር ሲወጡ ክብ ሠርተው ይቆማሉ፤ መጀመሪያ የሚናገረውም ሽማግሌው ሳይሆን ማሳው በቦዩ መጨረሻ ላይ ያለው ሰው ነው፣ ውኃው ሲጎድል ከሁሉ በፊት የሚያውቀው እሱ ነውና። እሱ ከተናገረ በኋላ ማንም ዘሎ መልስ አይሰጥም። በቀኙ የቆመው ሰው የሰማውን በራሱ አፍ ይደግምለታል፤ አሳስቶ ከደገመ ተናጋሪው «አልሰማኸኝም» ይለዋል፣ እሱም እንደገና ይሞክራል፤ ተናጋሪው «ሰምተኸኛል» እስኪል ድረስ ጉዳዩ ከዚያች ንቅንቅ አይልም። ጋሽ ትንፋሽ ይህንን ልማድ ከመንደራቸው ይዘውት መጥተው በግቢያችን ተከሉት፤ ማንም ዱላ አልቀረጸለትም፣ ማንም ፎቶግራፍ አላነሣውም።

ስለዚህ በየጠዋቱ ማሽን ከመነሣቱ በፊት ስልሳችንም ግቢው ውስጥ ክብ ሠርተን እንቆም ነበር። የእኛ የቦይ መጨረሻ የማጠፊያው ጠረጴዛ ነው፤ አንሶላው ታጥቦ፣ ተጨምቆ፣ ደርቆና ተተኩሶ የሚያርፈው እዚያ በመሆኑ መጀመሪያ የሚናገሩት አጣፊዎች ነበሩ። ብዙውን ጊዜ የሚናገሩት ትንሽ ነገር ነው፤ የጠፋ መቀስ፣ የሚንሸራተት ወለል፣ የአንዷ ልጅ መታመም። ከእርስዎ በፊት የነበሩት ሥራ አስኪያጅ አንድ ቀን ሳያስቡት በቀኝ ቆመው ተገኝተው፣ የሴቶቹ መጸዳጃ ቤት በር አይዘጋም የሚለውን ነገር አራት ጊዜ እስኪደግሙ ድረስ አልተለቀቁም። ሦስት ጊዜ «በሩ ትንሽ ያስቸግራል» እያሉ ሊያለሳልሱት ሞክረው ሦስቱንም ጊዜ «አልሰሙኝም» ተባሉ፤ በአራተኛው «በሩ አይዘጋም፣ ሴቶቹም ያፍራሉ» አሉ። በሩ በማግሥቱ ተሠራ።

እርስዎ በመጡ በሦስተኛው ወር ሰዓት ይዘው ግቢው ውስጥ ቆመው ለኩን። አሥራ አንድ ደቂቃ ወጣ። አሥራ አንድ ደቂቃ በስልሳ ሰው ሲባዛ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ይባክናል ብለው በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አወጡ፤ ስሌቱን እኔም በጣቴ ቆጥሬ ትክክል ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ክቡ ቀረ። በምትኩ ለየክፍሉ የተለያየ ቀለም ሰደርያ ተሰጠን፣ ከክፍል ወደ ክፍል መተላለፍም ተከለከለ። ጋሽ ትንፋሽ ቀዩን ሰደርያ ለብሰው እንፋሎት ክፍላቸው ገቡ፤ ከአጣፊዎቹ ጋር የሚገናኙበት ጊዜ ያ አሥራ አንድ ደቂቃ ብቻ እንደነበር ያን ጊዜ ማናችንም አላሰብንም።

ሦስተኛውን ለጊዜው ልዝለለው፤ እጄ እምቢ ብሎኛል። ኋላ እመለስበታለሁ።

አራተኛ፤ በኮሪደሩ ስለተሰቀለው ሰማያዊ ሳጥን አመሰግናለሁ። «ድምፅዎ ዋጋ አለው» የሚለው ጽሑፍ በጣም ያምራል፤ ከሥሩ ደግሞ «ስም መጻፍ አያስፈልግም» የሚል ደግነት ተጨምሮበታል። ሳጥኑ በየሦስት ወሩ በኮሚቴ ይከፈታል። ማጠፊያው ላይ የሁለት ልጆች እናት የሆነች፣ ገና አምስት ወር የሠራች፣ እኛ አዲሷ የምንላት ሴት አለች። ወረቀቷን ሳጥኑ ውስጥ የጨመረችው አደጋው ሊደርስ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ነው። ከአደጋው በኋላ ሳጥኑ ሲከፈት ምስክር ሆኜ ስለተጠራሁ ወረቀቱን በዓይኔ አይቼዋለሁ። እንዲህ ይላል፦ «ከትልቁ መተኮሻ የሚመጣው አንሶላ ግራ ጫፉ እርጥብ ነው። ዝገት የመሰለ ነጠብጣብም አለው። ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም።»

እሷ አታውቅም። ጋሽ ትንፋሽ ግን ያውቁ ነበር፤ የመተኮሻው ግራ መጋጠሚያ እንፋሎት እያፈሰሰ መሆኑን፣ የመጋጠሚያው ጎማ እንዳለቀ፣ ብረቱ እንደተበላ ከዚያች አንዲት ቃል ይረዱት ነበር። እንፋሎት ክፍሉ ከሳጥኑ አምሳ እርምጃ አይሞላም። ኮሚቴው ግን ወረቀቱ ስም ስለሌለው እንደ ማስረጃ ሊቆጠር አይችልም ብሎ ወደ ሳጥኑ መለሰው። ስም እንዳትጽፍ የነገራት ሳጥኑ ራሱ መሆኑን ለኮሚቴው ባስታውስ፣ ነጥቡ ለወደፊቱ እንደሚታይ ተነገረኝ።

አምስተኛ፤ በአዳራሹ መግቢያ ስለተቀመጠው ቅርጫት አመሰግናለሁ። ስልክ ማዳመጥን ስለሚረብሽ ሁላችንም ስልካችንን ዘግተን ቅርጫቱ ውስጥ ጨመርን። እርስዎ ዱላውን ይዘው ስለ ጥልቅ ማዳመጥ በሚናገሩበት በዚያው አርባ ደቂቃ ውስጥ የመተኮሻው ግራ መጋጠሚያ ተበጠሰ። እንፋሎቱ ክፍሉን ሞላው። አንሶላ የሚመግቡት አራቱ ሴቶች ከማሽኑና ከግድግዳው መካከል ተይዘው ሲጮሁ፣ ጋሽ ትንፋሽ ከክፍላቸው ሮጠው ገብተው ከማሽኑ ጀርባ ያለውን ቫልቭ በእጃቸው ዘጉ። ቫልቩ ለመዘጋት ዐሥራ አራት ዙር ይፈልጋል። ሴቶቹ በሕይወት ወጡ።

የድርጅቱ መኪኖች በሙሉ እኛን ይዘው ሥልጠናው ጋ ስለነበሩ፣ ሴቶቹ ጋሽ ትንፋሽን በእርጥብ ልብስ ጋሪ ላይ አጋድመው እየገፉ እስከ አስፋልቱ ወሰዷቸው፤ መንገደኛ መኪና ለምነው ሆስፒታል አደረሷቸው። ለሻይ ዕረፍት ስንወጣ ስልኬን ከቅርጫቱ አንሥቼ ስከፍተው አዲሷ ሰባት ጊዜ ደውላልኝ ነበር።

ዱላው ቢደርሰኝ ኖሮ ስለ አንሶላው ጫፍ እናገር ነበር ብዬ ልጽፍልዎ አስቤ ነበር። ውሸት ነው። ቀጥሎ ተረኛው እኔ ነበርኩ፤ ልናገር የተዘጋጀሁትም ሥልጠናው በጣም ጠቃሚ ነው የሚል ነበር።

ስድስተኛ፤ ስለ አደጋው የተጻፈውን ሪፖርት ለፊርማ ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። ሟቹ መከላከያ ልብስ ሳይለብሱ አደገኛ ቦታ በመግባትና ጥንቃቄ በማጉደል ለሞት መዳረጋቸውን፣ ስለ ማሽኑ ብልሽትም አስቀድሞ ያመለከተ ማንም ሰው አለመኖሩን ይገልጻል። የምፈርምበት ቦታ እንዳይጠፋኝ በእርሳስ ምልክት ተደርጎልኛል፤ ለዚህ አሳቢነትም አመሰግናለሁ። ልብሱን ለመልበስ ቆመው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምናለቅሰው ለአራት ሴቶች ነበር።

ባለቤታቸውን ለቅሶ ልደርስ ስሄድ የሪፖርቱ ወሬ ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። ሌላ ምንም አልጠየቁኝም፤ «ጥንቃቄ በማጉደል» የሚለው ቃል እንዲነሣላቸው ብቻ ለመኑኝ። ባላቸው በሠላሳ ስድስት ዓመት ትዳር ውስጥ አንድም ቀን የሻይ ብርጭቆ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ አስቀምጠው እንደማያውቁ፣ ሌሊት ነቅተው እንኳ የበሩን መቀርቀሪያ በእጃቸው ሳይነኩ እንደማይተኙ ነገሩኝ። ልጆቻቸው አባታቸውን በዚያ ቃል እንዲያስታውሱት አይፈልጉም። ይህንን ሲሉ አላለቀሱም፣ ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ሦስተኛው ልመለስ፤ ይህኛው ምስጋና የሚገባው ለእርስዎ ሳይሆን ለእኔ ነው።

አዲሷ ወረቀቱን ሳጥኑ ውስጥ ከመጨመሯ በፊት እኔ ጋ መጥታ ነበር። ኮሪደሩ ላይ አስቆመችኝ። የአንሶላው ጫፍ እርጥብ መሆኑን ነገረችኝ፣ በእጇ የያዘችውንም አንሶላ ዘርግታ አሳየችኝ። እኔ እየቸኮልኩ ነበር፤ የቸኮልኩትም ለሥልጠናው የተላከልንን ፎርም ለመሙላት ነው። ፎርሙ «ከሠራተኞችዎ ጋር የሚያደርጉትን ግንኙነት ከአንድ እስከ አምስት ባለው ቁጥር ይግለጹ» ይል ነበር። «በጽሑፍ አድርጊውና ሳጥኑ ውስጥ ክተቺው» አልኳትና አለፍኩ። ፎርሙ ላይ አራትን ከበብኩ።

ክቡ እስኪቀር ድረስ ዓመታት ሙሉ ውስጡ ቆሜያለሁ። ስንቱን በቀኝ ቆሜ ደግሜያለሁ፤ ስንቴ «አልሰማኸኝም» ተብዬ አፍሬያለሁ። ያን ዕለት የእሷን ቃል አንድ ጊዜ በአፌ ብደግመው ኖሮ፣ «የአንሶላው ግራ ጫፍ እርጥብ ነው» ብል ኖሮ፣ ምን ማለት እንደሆነ እኔ ራሴ እነቃ ነበር፤ መተኮሻውን ከእሷ በላይ አውቀዋለሁና። ክቡን ያፈረሱት እርስዎ ነዎት፤ ልማዱን ከልቤ ያወጣሁት ግን እኔው ነኝ። እርስዎ ደቂቃውን ወሰዱ እንጂ ጆሮዬን አልቆረጡም።

ጋሽ ትንፋሽ ሆስፒታል አራት ቀን ቆዩ። ከሥራቸው የተነጠፈው አንሶላ የእኛ ነበር፤ ጠርዙ ላይ ያለውን ክር አይቼ አወቅሁት። በሦስተኛው ቀን ድምፃቸው ትንሽ ሲመለስ፣ መጀመሪያ ያየው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። አዲሷ አጣፊ መሆኗን፣ የአንሶላው ጫፍ መርጠቡን ዘጠኝ ቀን አስቀድማ እንዳስተዋለች ነገርኳቸው። ደስ አላቸው፤ በፋሻው መካከል ዓይናቸው ሲስቅ አየሁት። «ጎበዝ ልጅ ናት» አሉ። ቆይተው ደግሞ ቀስ ብለው «ታዲያ ማን ደገመላት?» አሉኝ።

መልሱን ሳልነግራቸው በማግሥቱ ሞቱ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ሪፖርቱን አልፈርምም። ያመለከተ ሰው አለ፣ የተነገረውም ለእኔ ነው። እኔን በፈለጉት ቅጣት ይቅጡኝ፤ ጥንቃቄ ያጎደለ ሰው ስም የሚያስፈልግ ከሆነም በጋሽ ትንፋሽ ስም ቦታ የእኔን ያስገቡት፣ ምልክት በተደረገበት ቦታ ላይ «የተነገረው ለእኔ ነው» ብዬ ጽፌ ልኬልዎታለሁ። ያን ዕለት ያልደገምኩትንም፣ ከወር በኋላ ቢሆንም፣ እዚህ በስልሳ ሰው ፊት እደግመዋለሁ። ከመለጠፌ በፊት ለአዲሷ አንብቤላት ነበር። መጀመሪያ «ጫፉ ረጠብ ይላል» ብዬ ጽፌ «አልሰማኸኝም» አለችኝ፤ አርሜዋለሁ። እሷ ያለችው ይህ ነው፦ ከትልቁ መተኮሻ የሚመጣው አንሶላ ግራ ጫፉ እርጥብ ነው፤ ዝገት የመሰለ ነጠብጣብ አለው፤ ምን ማለት እንደሆነ አታውቅም፤ የሚያውቅ ሰው እንዲያየው ትፈልጋለች። ይህንን ስደግምላት «አሁን ሰምተኸኛል» አለችኝ። በሕይወቴ እንዲህ የከበደኝ ምስጋና የለም።

እንግዲህ በዚያ አዳራሽ እኔ በቀኝዎ ነበርኩ፤ አሁን ደግሞ እርስዎ በእኔ ቀኝ ነዎት። መልስ እንዲሰጡኝ አልጠይቅም፣ ኮሚቴ እንዲያቋቁሙም አልጠይቅም። ከሩቅ ተራሮች የመጣውን ጥበብ ያህል ባይከብድ፣ ከእንፋሎት ክፍላችን የመጣውን ይህን አንድ ነገር ብቻ ያድርጉልን፤ ያለችውን በራስዎ አፍ ይድገሙት።

ጊዜዎን ከአሥራ አንድ ደቂቃ በላይ እንዳልወሰድኩብዎ ተስፋ በማድረግ፣ ለተማርኩት ሁሉ እጅ እየነሣሁ፣ ጤናና ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁልዎ እሰናበታለሁ።

ታዛዥዎ፣
የመተኮሻ ክፍል የጠዋት ፈረቃ ኃላፊ፣
በጥልቅ ማዳመጥ የምስክር ወረቀት ያለው

ግልባጭ፦
ለጋሽ ትንፋሽ ባለቤት
ለማጠፊያ ክፍል
ለሰማያዊው ሳጥን፣ በሦስት ወሩ ሲከፈት እንዲነበብ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህንን ልለጥፍ ወደ በሩ ስሄድ አዲሷ ከኋላዬ ጠራችኝ። አደጋው በደረሰ በሦስተኛው ቀን ተጠግኖ ሥራ እንዲጀምር የታዘዘው መተኮሻ ዛሬ ጠዋት ያወጣው አንሶላ ግራ ጫፉ እርጥብ ነው። በእጄ ነክቼዋለሁ፣ ደግሜላታለሁም። ከዚያ ቫልቩን ዘጋነው፤ ዐሥራ አራት ዙር ነው፣ እየተቀባበልን ዞርነው። ማሽኑ ጋ ቢፈልጉን አያገኙንም፤ ስልሳችንም ግቢው ውስጥ ክብ ሠርተን ቆመናል፣ ከአዲሷ በስተቀኝ ያለውን ቦታ ለእርስዎ ክፍት ትተነዋል። ዱላውን ይዘው መምጣት አያስፈልግዎትም።